የግዞተኞች ሹመትና ሽረት

አንድ ሰው ወንጀል ሠርቶ ቢፈረድበት፥ የተፈረደበትንም ቅጣት እስከ መጨረሻው ቢፈጽም፥ ወይም ንጉሥ ምሕረት ቢያደርግለት፥ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ምን ይባላል? ወንጀለኛ ነው ወይስ ወንጀለኛ የነበረ ሰው? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የሚቀርብ ይመስላል፤ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን በሠራተኛ አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ዘወትር የሚነሣ ነው። ለሥራ የሚያመለክት ሰው የትምህርቱን ማስረጃና የጤናውን ምርመራ ካቀረበ በኋላ፥ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀት አምጣ ይባላል። ወረቀቱ ነጻ ነው ብሎ የመጣ እንደ ሆነ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ነጻ አይደለም ብሎ የመጣ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ሰውየው ተቀጥሮ ሥራውን ከጀመረና ችሎታውን ካሳየ በኋላ የደረሰ እንደ ሆነ ግን፥ አለቃው ሁለት ማስረጃ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያገኛል፤ በአንድ በኩል በዓይኑ ያየው ሥራ፥ በሌላ በኩል ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ፍርድ። ከሁለቱ የትኛውን ይመን?

ይህ ጥያቄ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሁሉ ጉዳይ የሆነበት ስፍራ በታሪክ ይገኛል። ስፍራውም አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ የተባለው የእንግሊዝ ቅኝ አገር ነው። የአገራችንን ሕግ በሚመለከተው በአንዱ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሕግ እጅግ ጨካኝ ነበር። ሁለት መቶ የሚያህሉ ጥፋቶች በሞት ያስቀጡ ነበር፤ ዳኞቹም ያንን ሁሉ ሕዝብ መስቀል ስለ ከበዳቸው ብዙውን ጊዜ የሞቱን ፍርድ ወደ ግዞት ይለውጡት ነበር። ግዞተኞቹ ቀድሞ የሚላኩት ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካውያን በ1776 ነጻነታቸውን ካወጁ ወዲህ ያ በር ስለ ተዘጋ፥ እስረኛው በወንዝ ዳር በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ እየታጨቀ ሄደ። በመጨረሻም በ1787 በሜይ ወር 11 መርከቦች ግዞተኞችንና ጠባቂዎቻቸውን ጭነው ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሡ፤ ከስምንት ወር ጉዞ በኋላ በ1788 በጃንዩዌሪ 26 ቀን ዛሬ ሲድኒ በምትባለው ከተማ ወደብ ሰፈሩ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 1868 ድረስ ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት ሰዎች 162,000 ያህል ይሆናሉ።

ከነዚህ ብዙዎቹ የተፈረደባቸው ሰባት ዓመት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት ነበር። ዘመናቸው ሲያልቅ፥ ወይም አገረ ገዢው ምሕረት ሲሰጣቸው፥ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ገንዘብ ስለሌላቸው እዚያው ይቀሩ ነበር። እርሻ አረሱ፤ ንግድ ነገዱ፤ ልጆች ወለዱ። ከጥቂት ዘመን በኋላ አገሪቱን የሚመግቡት፥ የሚገነቡትና የሚያክሙት እነሱ ሆኑ። በፈቃዳቸው ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ግን በቁጥር እጅግ ያነሱ ሆነው ሳሉ፥ ከግዞት ወጥቶ ባለጠጋ ከሆነው ጎረቤታቸው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር። ገንዘቡን ይበደሩታል፤ ዕቃውን ከሱቁ ይገዛሉ፤ ቤቱ ግን አይገቡም።

ላክላን ማኳሪ በ1810 በጃንዩዌሪ 1 ቀን አገረ ገዢ ሆኖ ሥራውን ሲጀምር ያገኘው ሁኔታ ይህ ነበር። ማኳሪ በ1762 የተወለደ ስኮትላንዳዊ ወታደር ነው፤ ዕድሜውንም በብዛት በሕንድ አገር በጦር ሥራ አሳልፏል። ሲመጣ ስለ ግዞተኞች የነበረው አስተያየት ከሌሎቹ መኮንኖች የተለየ አልነበረም። ጥቂት ወር ከቈየ በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ወደ ለንደን በላከው ደብዳቤ፥ ነጻ የወጣ ሰው ለረጅም ጊዜ ተፈትኖ መልካም ጠባይ ካሳየ፥ በጥፋቱ ምክንያት ወዳጣው ማዕረግ ሊመለስ ይገባዋል ብሎ ጻፈ። ጽፎም ብቻ አልቀረም፤ ከቀድሞ ግዞተኞች መካከል የመረጣቸውን ለዳኝነት ሾመ፤ በቤተ መንግሥቱም ግብር ላይ ጠራቸው።

መጀመሪያ የተሾመው አንድሩ ቶምሰን ነው። ይህ ሰው ገና በ17 ዓመቱ ገደማ በስኮትላንድ ጨርቅ ሰርቀሃል ተብሎ 14 ዓመት ግዞት የተፈረደበት ነው። በሲድኒ ፖሊስ ሆነ፤ ቀጥሎም በሆክስበሪ ወንዝ ዳር ገበሬና ነጋዴ ሆኖ ከበረ፤ መርከብም አሠራ። በ1806 ያ ወንዝ ሞልቶ እህሉንና ቤቱን ሁሉ በጠረገ ጊዜ፥ ቶምሰን በጀልባ እየተመላለሰ ከየጣራው ላይ ብዙ ሰው አወጣ። ማኳሪ በ1810 መጀመሪያ ላይ በዚያው አውራጃ ዳኛ አደረገው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በ37 ዓመቱ ሲሞት ከሀብቱ አንድ አራተኛውን ለአገረ ገዢው ተናዘዘለት። ኑዛዜው ከልብ የመነጨ ምስጋና ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማኳሪ ወዳጆቹን የሚሾመው ለጥቅሙ ነው ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የተሻለ ወሬ አልነበረም።

ሁለተኛው ሲሚዮን ሎርድ ነው፤ ሎርድ የቤተ ሰቡ ስም ነው እንጂ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ አይደለም። እሱም ጨርቅ በመስረቅ ሰባት ዓመት ተፈርዶበት የመጣ ሲሆን፥ በመርከብ ንግድ ከአገሪቱ ባለጠጎች አንዱ ሆኖ ነበር። ማኳሪ ቶምሰንንና ሎርድን አዲስ ለሚሠራው የፓራማታ መንገድ ባለ አደራዎች አድርጎ ከዋናው ቄስ ከሳሙኤል ማርስደን ጋር በአንድ ኮሚቴ ደባለቃቸው። ማርስደን ከነዚህ ሰዎች ጋር መቀመጥ ለክህነቴ አይስማማም ብሎ ሹመቱን አልቀበልም አለ። ቄሱ ራሱ ደግሞ በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚፈርደው ግርፋት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ማኳሪ እንቢታውን እንደ ንቀት ቈጠረው፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ድረስ ታርቀው አያውቁም። በ1814 የመጣው የ46ኛው ክፍለ ጦር መኮንኖችም የቀድሞ ግዞተኛ በማዕዳችን አይቀመጥም ብለው ተማማሉ።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ልንመለከተው ወደሚገባን ወደ ዊልያም ሬድፈርን እንምጣ። ሬድፈርን ሌባ አልነበረም። በ1797 ዕድሜው ከሃያ ዓመት ጥቂት ያለፈ ወጣት ሆኖ ሳለ ስታንዳርድ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ረዳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ሥራውን ከጀመረ ጥቂት ወር ሳይሞላው፥ መርከበኞቹ ስለ ደመወዛቸው ማነስና ስለ አያያዛቸው ክፋት በኖር ላይ አመፁ። የሬድፈርን ጥፋት ለዐመፀኞቹ እርስ በርሳችሁ ይበልጥ ተባበሩ ብሎ መምከሩ ነው ተባለ። የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት፤ ስለ ወጣትነቱ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት፤ አራት ዓመት በእስር ቤት ከቈየ በኋላ በ1801 ወደ ሲድኒ ተጋዘ። በኖርፎክ ደሴት በረዳት ሐኪምነት አገለገለ፤ በ1803 አገረ ገዢው ኪንግ ሙሉ ምሕረት ሰጠው።

በ1808 ወደ ሲድኒ ሲመለስ ሐኪም መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ የአገሪቱ ሐኪሞች ተሰብስበው ፈተኑት፤ አልፎም የምስክር ወረቀት ተሰጠው። በአውስትራሊያ ምድር ተፈትኖ የሕክምና ማስረጃ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ለፈንጣጣ ክትባት ከሚሰጡት አንዱ፥ ሀብታሙም ድኻውም የሚፈልገው ሐኪም ሆነ። ማርስደንን የመሰሉ ሰዎች በማዕድ የሚጸየፉት የግዞተኛ እጅ፥ በወሊድና በሕመም ጊዜ ግን በየቤታቸው ይፈለግ ነበር። የማኳሪ ሚስት በ1814 ወንድ ልጅ ስትወልድ ያዋለዳት ሬድፈርን ነው።

በዚያው በ1814 ሦስት የግዞተኛ መርከቦች ተስቦና ሌላም በሽታ ጭነው ሲድኒ ደረሱ። በሁለቱ መርከቦች ላይ በእያንዳንዳቸው ከ30 የሚበልጡ ግዞተኞች በመንገድ ሞተው ነበር። ማኳሪ ምክንያቱን መርምር ብሎ ሬድፈርንን አዘዘው። የጻፈው መግለጫ ዛሬም በሕክምና ታሪክ የሚጠቀስ ነው። ግዞተኞቹ አየር በሌለው የመርከብ ሆድ ውስጥ መታጎራቸውን፥ ልብሳቸው አለመታጠቡን፥ ቀለባቸው መጓደሉን እያንዳንዱን ዘርዝሮ፥ ከእንግዲህ ወዲህ በያንዳንዱ መርከብ ላይ ለካፒቴኑ የማይንበረከክ፥ ከባሕር ኃይል የተመረጠ ሐኪም ይሾም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት አሳቡን ተቀበለው። ከ1815 ጀምሮ ሐኪም ሳይሾምበት የሚነሣ የግዞተኛ መርከብ አልነበረም፤ በጉዞ ላይ የሚሞተውም ሰው ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ራሱ በግዞተኛ መርከብ የመጣ ሰው ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይችል እንደ ነበረ እጠራጠራለሁ።

ስለ ፍራንሲስ ግሪንዌይም ጥቂት ቃል ማለት ያስፈልጋል። ይህ የብሪስቶል የሕንፃ መሐንዲስ ከስሮ ሳለ ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቶ በ1812 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ተለውጦለት በ1814 ሲድኒ ገባ። ማኳሪ በ1816 በቀን 3 ሽልንግ ደመወዝ የመንግሥት የሕንፃ ሹም አድርጎ ቀጠረው። የባሕር መብራቱ ግንብ፥ የሃይድ ፓርክ የግዞተኞች ማደሪያ፥ በዊንድሰር ያለው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የእጁ ሥራዎች ናቸው። ማደሪያው በ2010 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግሪንዌይ ጠበኛና ትዕቢተኛ ነበር፤ እሱን ከሬድፈርን ጋር እኩል ማመስገን አይቻልም።

የሕግ ሰዎቹም ጉዳይ ነበር። ግዞተኛ ሆነው ከመጡት መካከል ጠበቆች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ጆርጅ ክሮስሊ፥ የሟች እጅ ይዞ ኑዛዜ ሲያስፈርም በሬሳው አፍ ውስጥ ዝንብ አስገብቶ «በውስጡ ሕይወት ነበረ» ብሎ ማለ እየተባለ ይተረክበታል። ዳኛው ጄፍሪ ሃርት ቤንት በ1815 እነዚህ ሰዎች በችሎቴ አይቆሙም ብሎ ፍርድ ቤቱን ዘጋ። በአገሪቱ ሌላ ጠበቃ እንደ ልብ ስላልነበረ የሕዝቡ ነገር ሁሉ ለወራት ተጓተተ። ስለ ክሮስሊ ዳኛው የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ ጥፋት ግን ለሁሉ ሚዛን ሊሆን አይገባም ነበር።

የማኳሪ ወሬ ለንደን ደርሶ ብዙ ጊዜ ተከራከሩበት። በ1812 አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ሥራውን አጽድቆለት ነበር፤ በኋላ ግን ነፋሱ ተለወጠ። የቅኝ ግዛቶቹ ሚኒስትር ባትኸርስት ጆን ቶማስ ቢግ የተባለውን የሕግ ሰው መርማሪ አድርጎ በ1819 ላከ። የሰጠው መመሪያ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ግዞት ሰው የሚፈራው ቅጣት ሆኖ እንዲኖር ምን መደረግ እንዳለበት መርምር የሚል ነበር። የነገሩ ሥር ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር ወንጀል ሊሠራ ያሰበ ሰው፥ ሲድኒ የሄደው ሌባ ዳኛና ባለጠጋ ሆነ የሚል ወሬ ከሰማ ምን ያስፈራዋል? ስለዚህ የሬድፈርን መሾም የአንድ ሐኪም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ፥ በብዙ ሺህ ማይል ርቀት ላይ ላለ ሌላ ሰው ማስፈራሪያ የሚሆን ጉዳይ ሆነ። ቢግ ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የተላከበትን ሥራ በትጋት ፈጽሟል። ዳኛ የሚፈርደው በሕግ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሚሰጠው ክብር ጭምር ነው ማለቱም መልስ የሚሻ ክርክር ነበር።

በዚያው በ1819 ዋናው ሐኪም ዌንትዎርዝ ሥራውን ሲለቅ፥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉን ከባድ ሥራ የተሸከመው ሬድፈርን ቦታውን ይወርሳል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም፤ ማኳሪም ስለ እሱ ጽፎ ነበር። ከለንደን ግን ጄምስ ቦውማን የተባለ ሌላ ሐኪም ተሹሞ መጣ። ሬድፈርን ሥራውን ለቀቀ። ማኳሪ ወዳጁ መበደሉን አይቶ፥ በኖቬምበር ወር ዳኛ አድርጎ ሾመው። ቢግ ገና አዲስ እንግዳ ሳለ ሹመቱ እንዲቀር አጥብቆ ጠየቀ፤ የኖርን ዐመፅ በእንግሊዝ ታሪክ ከታዩት ሤራዎች ሁሉ የከፋ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ማኳሪ ረጅም ደብዳቤ መለሰለት። ይህች አገር የቀድሞ ግዞተኞች አገር ናት፤ እነዚህን ሰዎች ወደ ነበሩበት ውርደት የሚመልስ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ እለምንሃለሁ የሚል መንፈስ ያለበት ደብዳቤ ነበር። አገረ ገዢ መርማሪን ሲለምን!

ልመናው አልተሰማም። ብዙም ሳይቈይ ከለንደን የመጣው ውሳኔ ሬድፈርንን ከዳኝነቱ ሻረው። ዐመፁ ከሆነ 22 ዓመት፥ ምሕረቱን ካገኘ 16 ዓመት አልፎ ነበር። በሐኪምነቱ ስንፍና፥ በዳኝነቱም ጉቦ አልተገኘበትም፤ በአዲሱ ሥራው ያጠፋው አንድም ነገር አልተጠቀሰም። የተሻረው በ1797 በተጻፈው ፍርድ ብቻ ነው።

በዚሁ ጊዜ ከሹመትም የባሰ ነገር መጣ። ኤድዋርድ ኢገር የተባለ የቀድሞ ግዞተኛ ጠበቃ በ1820 ዳኛውን ባረን ፊልድን ስሜን አጥፍተሃል ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹ የሰጠው መልስ፥ ይህ ሰው የተፈረደበት ስለ ሆነ ክስ የማቅረብ መብት የለውም የሚል ነበር። በለንደን የንጉሡ ፍርድ ቤት በ1819 ቡሎክና ዶድስ በተከራከሩበት ነገር በሰጠው ፍርድ፥ የአገረ ገዢ ምሕረት በንጉሡ ትልቅ ማኅተም ካልጸና የሰውየውን መብት አይመልስም ብሎ ወስኖ ነበርና። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በምሕረት ወረቀታቸው ተማምነው የገዙት መሬት፥ የተዋዋሉት ውል፥ ያወረሱት ሀብት ሁሉ ሊፈርስ የሚችል ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የማኳሪ ሥራ ጉድለት በግልጥ ይታያል። ልቡ ቅን ነበር፤ ሰውንም በሥራው መመዘን ያውቅ ነበር። የሰጠው ሁሉ ግን የቆመው በእሱ ቸርነት ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ የጠራቸውን ሰዎች የሚጠብቅ ሕግ አላቆመላቸውም፤ ለማቆምም ሥልጣን አልነበረውም። ቸርነቱም ዳር ድንበር ነበረው፤ የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች ከመሬታቸው ሲገፉ በ1816 የላከው ጦር በአፒን ሴቶችና ሕፃናት የነበሩበትን ሕዝብ በሌሊት ፈጅቷል። ከእንግሊዝ ለመጣ ሌባ የተገኘው ምሕረት፥ ርስቱን ለተከላከለ ተወላጅ አልተገኘም።

ምሕረት ቅጣትን ያስቀራል፤ ስምን ግን ላይመልስ ይችላል። የኛ ሕግ አውጪዎች ይህን ልዩነት ያስተዋሉ ይመስለኛል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ከይቅርታና ከምሕረት ለይቶ «መሰየም» የሚል ክፍል አቁሞ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይኸንኑ አጽንቶታል። ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነውን ዘመን በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ የተሰየመ እንደ ሆነ፥ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቈጠራል። ከዚያ ወዲህ በክፋት ያንን የቀድሞ ፍርድ እያነሣ የሚነቅፈውም ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ የተናገርሁት እውነት ነው ማለትም አያድነውም። ሬድፈርን ያጣው ይህን ነበር። ሕጉ መኖሩን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ለማመልከት መብት ያለው ሰው ሳያመለክት ከሥራ ሲቀር ማየት በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ሲድኒ እንመለስ። የቀድሞ ግዞተኞቹ በ1821 ተሰብስበው ለንጉሡ አቤቱታ ጻፉ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ፈረሙበት፤ አቤቱታውንም ይዘው ወደ እንግሊዝ የተጓዙት ኢገርና ሬድፈርን ናቸው። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1823 ባወጣው ሕግ፥ አገረ ገዢዎች የሰጡት ምሕረት በትልቁ ማኅተም የጸና ያህል እንዲቈጠር ወሰነ። መሬታቸውና ውላቸው ዳነ። ማኳሪ ግን የቢግ መግለጫዎች ታትመው ስሙን ሲያጠቁሩት ለንደን ላይ እያነበበ፥ በ1824 በጁላይ 1 ቀን ሞተ። ግሪንዌይ ቀድሞውኑ በ1822 በአዲሱ አገረ ገዢ በብሪዝቤን ከሥራው ተሰናብቶ ነበር፤ ለዚህ ግን የቀድሞ ፍርዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍያ ያነሣው ጭቅጭቅም ምክንያት ሆኗል። በ1837 በድኽነት ሞተ። አውስትራሊያ በ1966 ገንዘቧን ወደ ዶላር በለወጠች ጊዜ፥ በሐሰተኛ ሰነድ የተጋዘው የዚህ ሰው መልክ በዐሥር ዶላሩ ኖት ላይ ታተመ።

ሬድፈርን በ1824 ወደ ሲድኒ ተመልሶ በእርሻውና በሕክምናው ሥራ ኖረ። በ1828 ልጁን ለማስተማር ወደ ኤዲንበርግ ሄደ፤ በዚያም በ1833 ሞተ። የሲድኒ አንድ ሰፈር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1814 በጻፈው መግለጫ የተጀመረው የመርከብ ሐኪም ሥርዓትም፥ የመጨረሻው የግዞተኛ መርከብ በ1868 አውስትራሊያ እስከ ደረሰበት ቀን ድረስ ሳይቋረጥ ተሠራበት።